ተመዛኙ ሚዛኑን ሲያውቅ

ሚዛን የገበያ ዳኛ ነው፤ ሚዛን ካበለ ግን ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ሰው ያለ ዳኛ ይቀራል። በኮምፒውተር ውስጥ ሥዕልን እየሠራ ለዓይን የሚያቀርበው ግራፊክስ ካርድ የተባለው መሣሪያም የራሱ ሚዛን አለው፤ ይኸውም ብርቱ ኃይል በሚጠይቁ የቪዲዮ ጨዋታዎች ተፈትኖ፥ በአንድ ሰከንድ የሚያወጣቸው ሥዕሎች ተቈጥረው፥ ቍጥሩ ለገዢው መነገሩ ነው።

ነገር ግን ቍጥር ብቻውን እውነትን ሁሉ አይናገርም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ኤቲአይ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ራዴዮን 8500 ካርድ ላይ የተገኘው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። መርማሪዎች ኩዌክ 3 የተባለውን ጨዋታ ሌላውን ሳይነኩ ስሙን ብቻ ለውጠው «ኳክ» ቢሉት፥ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ የሥዕሉ ጥራት ግን ጨመረ። ለካስ ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም በፈተና የታወቀውን ስም ባየ ጊዜ ጥራቱን እየቀነሰ ፍጥነቱን ያበዛ ኖሯል። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ኩባንያው ባወጣው አዲስ ፕሮግራም ጥራቱ ተመለሰ፤ ፍጥነቱም ብዙ አልጐደለም። እንግዲህ ምርመራው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ጠቀመ።

ፈታኙ የሚመጣበትን በር አስቀድሞ የሚያውቅ ተፈታኝ የሚጠርገው ያንኑ በር ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪ የተለመዱትን ጨዋታዎች ብቻ ሳይሆን ያልተጠበቁትንም እየለዋወጠ ሊፈትን፥ ቍጥሩንም ከመጻፉ በፊት ሥዕሉን በዓይኑ ሊመለከት ይገባዋል፤ ከጥራት ተሰርቆ የመጣ ፍጥነት ትርፍ አይባልምና። ይህ የጨዋታ መሣሪያ ነገር ነውና ቀላል ነው የሚል ቢኖር፥ የሰውን ሥራ በቍጥር የሚመዝን ሁሉ ይህንኑ እንደሚያገኘው ያስብ።