አሮጌው ጌም ተከፈተ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ግን እምቢ አለ

ባለፈው ሳምንት ሁለት አሮጌ ነገሮችን ለመክፈት ሞከርኩ። አንዱ ከታላቅ ወንድሜ ካርቶን ውስጥ ያገኘሁት የፕሌይስቴሽን 1 የእግር ኳስ ጌም ዲስክ ነው። ሌላው የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፌ ነው።

ጌሙን ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። ኢሙሌተር በሚባለው ፕሮግራም ወዲያው ተነሳ። በልጅነታችን ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቀን፣ ሳንቲም ቆጥረን የምንጫወተው ያው ጌም፣ ያው ሙዚቃ። መመረቂያ ጽሑፌን ስከፍት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ጠበቀኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም የሚነበብ የአማርኛ ቃል የለበትም።

የጃፓን ኩባንያ ከ25 ዓመት በፊት ለሌላ ማሽን የሠራው ጌም ተከፍቶ፣ እኔ ራሴ የጻፍኩት እንዴት አልከፈት አለ? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ኢሙሌተር አንድን ማሽን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ፕሌይስቴሽን ላይ ያለ ይመስለዋል፤ እውነቱን ስንናገር ግን ያለው ስልክ ላይ ነው። ይህን ለማድረግ ባለሙያዎች የማሽኑን አሠራር አጥንተው እንደገና በፕሮግራም መጻፍ ነበረባቸው። ባለቤቶቹ ይህን በደስታ አልተቀበሉም። ኮኔክቲክስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 የፕሌይስቴሽን ጌም በማክ ኮምፒውተር የሚያጫውት ፕሮግራም ለገበያ ሲያቀርብ ሶኒ ከሰሰው። በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ሶኒ በፍርድ ቤት ያላገኘውን በገንዘብ አገኘው፤ በቀጣዩ ዓመት ፕሮግራሙን ገዝቶ አስቆመው። ሆኖም ዕውቀቱ አንዴ ወጥቷልና ሌሎች ኢሙሌተሮች ተተኩ። ዛሬ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ።

«ይህ እኮ ስርቆት ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መለየት ያለበት ነገር አለ። ማሽኑን የሚያስመስለው ፕሮግራም አንድ ነገር ነው፤ የጌሙ ቅጂ ሌላ። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ገበያ ላይ ያለን ጌም በነጻ ማውረድ የሠሪውን እንጀራ መቀማት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩዙ የተባለውን ኢሙሌተር ሠሪዎች ከስሶ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሲያዘጋቸው ስዊች የተባለው ማሽን ገና በገበያ ላይ ነበር፤ ቁጣው ይገባኛል። የወንድሜ ዲስክ ራሱ ኦሪጅናል እንዳልሆነም አልደብቃችሁም።

ግን ሌላውንም ወገን እንይ። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ላይ የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ፋውንዴሽን ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት እዚያ አገር ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ባለቤቱ ራሱ የማይሸጠውን ሥራ በሕይወት ያቆየው በአብዛኛው እነዚህ የትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች ናቸው። ተቃራኒውን ደግሞ ጎግል አሳይቶናል። ስታዲያ የተባለው አገልግሎቱ ጌሙን በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ነበር የሚያጫውተው። በጥር 2023 ተዘጋ። ገዢዎች ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ እዚያ የገዙት ጌም ግን ከሰርቨሩ ጋር ሄደ። በእጃቸው የገባ ነገር ስላልነበረ የሚገለብጡትም አልነበራቸውም።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፌ ልመለስ። ድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይተኩ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየን በዚያው ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ያው ዝብርቅርቅ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ይህ ችግር መፍትሔ አግኝቶ ነበር። እኔ ስመረቅ ያ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሞልቶታል። ታዲያ ለምን በአሮጌው ጻፍኩ? ጓደኞቼ ሁሉ በእሱ ስለሚጽፉ፤ ጽሕፈት ቤቱም የለመደው እሱን ስለነበር። ማንም አላስገደደኝም። መጨረሻ ላይ ያዳነኝ ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ያልጣለ አንድ ወዳጄ ነው።

የእኔ ጽሑፍ ቢጠፋ አገር አይጎዳም። ነገር ግን በዚያው መንገድ የተጻፉ የጋዜጣ ገጾች፣ የመጽሐፍ ረቂቆች፣ የቢሮ ቃለ ጉባኤዎች በየመሳቢያው፣ በየሲዲው ተቀምጠዋል። ለጌም ኢሙሌተር የሚጽፍ ወጣት በየአገሩ አለ። ለእነዚህ ማን አለላቸው? እኛው ነን።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ስመርጥ፣ ማስታወሻ መያዣም ይሁን ፎቶ ማስቀመጫ፣ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይከፍትልኛል? ሁለተኛ፣ ያለኝን ሁሉ ጠቅልዬ መውጣት እችላለሁ? ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? በ2012 ክረምት ለሳምንታት ኢንተርኔት ጠፍቶ ሥራችን ሁሉ የቆመብን ሰዎች የሦስተኛውን ክብደት እናውቀዋለን።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያልፍ መሣሪያ ሁልጊዜ ቆንጆ አይደለም። እኔ ቃለ መጠይቆቼን አሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የምይዘው፤ ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። ለአንዳንድ ሥራ ምቹውን የኩባንያ አፕ መጠቀሜንም አልተውኩም። ብቻ እዚያ ያለኝ ነገር ሁሉ እጄ ላይ ቅጂ አለው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ይህ ቻናል ያለበት ቴሌግራምም የሰው ቤት ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የቻት ታሪክን ወደ ራስ ማሽን ማውረድ ይፈቅዳል፤ እኔ እዚህ የለጠፍኩትን በየወሩ አወርዳለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ፦ ያላችሁን በጣም አሮጌ የአማርኛ ፋይል ፈልጋችሁ ክፈቱት። ከተነበበ እሰየው። ካልተነበበ ግን ፎንቱ ያለው ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት።

ቸር እንሰንብት።