የታመነ ነጋዴ ደረጃ፤ የትኛው፣ ለማን፣ መቼ?

በንግድ ዓለም ከገንዘብ ይልቅ የሚበልጥ አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም መታመን ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ባለሱቅ እንኳ ቃሉን የሚጠብቅ እንደሆነ ከጅምላ ሻጩ ዘንድ ሸቀጥ በዱቤ ወስዶ፣ ሸጦ ይከፍላል። ቃሉን የማይጠብቅ ግን ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይዞ ቢመጣም ብሩ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ሳያልቅ ዕቃው አይነሣለትም። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ የገበያ ልማድ ሕግ አድርገው ይዘውታል። ሕግ አክባሪነቱ የተረጋገጠለትን አስመጪና ላኪ ለይተው፣ የምስክር ወረቀት ሰጥተው፣ ዕቃው በፈጣን መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። በእንግሊዝኛ ኦቶራይዝድ ኢኮኖሚክ ኦፐሬተር የሚባለው ይኸው ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የታመነ ነጋዴ» እንለዋለን።

ስለዚህ የምስክር ወረቀት በነጋዴዎች ዘንድ ሁለት አሳብ ይሰማል። አንዱ ወገን፣ ይህ ለትልልቅ ኩባንያዎች የተሠራ ስለ ሆነ እኛን አይመለከተንም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን ደረጃ ባንድ ጊዜ ለመያዝ ይቸኩላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ደረጃ የሚመረጠው በነጋዴው መዝገብና በሸቀጡ ጠባይ እንጂ በድርጅቱ ስፋት ወይም በክብር ፍላጎት አይደለም። ይህን ለማስረዳት የሌሎችን አገሮች ልምድ እናቅርብ።

የአሠራሩ አጀማመር ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ከደረሰባት አደጋ በኋላ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሲቲፓት የተባለውን ፕሮግራም አቆመች። የዓለም ጉምሩክ ድርጅትም በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ሴፍ የተባለውን የጋራ ደንብ አጸደቀ። ከዚያም የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጫ ስምምነት በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ሲውል፣ የታመነ ነጋዴ ጉዳይ በአንቀጽ 7 ውስጥ ተደንግጎ የዓለም አቀፍ ሕግ አካል ሆነ።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማናቸውም ጉምሩክ የሚገባውንና የሚወጣውን ኮንቴይነር ሁሉ ከፍቶ መፈተሽ አይችልም፤ ሰውም ጊዜም አይበቃውም። በአገራችንም ዲክላራሲዮን ሲቀርብ በአደጋ ሥጋት መጠን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መስመር የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የታመነውን ነጋዴ ለይቶ ማወቅ ፈታሹን ከድካም ያሳርፈዋል፤ ጉልበቱንም አጠራጣሪ በሆነው ጭነት ላይ እንዲያውለው ያስችለዋል። እንግዲህ የምስክር ወረቀቱ ለነጋዴው የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት ውል ነው።

ስለ ደረጃ የተናገርን እንደ ሆነ፣ አሠራሩን በግልጽ ከደለደሉት አገሮች አንዷ ህንድ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. የህንድ ጉምሩክ ለአስመጪና ላኪ ሦስት ደረጃዎችን ወሰነ፤ ለመጋዘን ባለቤቶች፣ ለጭነት አመላላሾችና ለጉምሩክ አስተላላፊዎች ደግሞ የተለየ መደብ አበጀ። በመጀመሪያው ደረጃ የሚመረመረው የነጋዴው ሰነድ ነው። ለሁለተኛው ደረጃ ግን የጉምሩክ መርማሪዎች ከነጋዴው ግቢ ድረስ መጥተው መጋዘኑን፣ አጥሩን፣ መዝገቡንና የሠራተኞቹን አያያዝ በዓይናቸው ያያሉ። ወደ ሦስተኛው ደረጃ ለመውጣት ዋናው መንገድ በሁለተኛው ላይ ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ መቆየት ነው። ጥቅሙም እንደ ደረጃው ይጨምራል፤ ለጉምሩክ የሚቀርበው የባንክ ዋስትና በየደረጃው እያነሰ ሄዶ ለሦስተኛው ደረጃ ከጥቂት ልዩ ጉዳዮች በቀር ይቀራል። ቀረጥን ዕቃው ከወጣ በኋላ በተወሰነ ቀን የመክፈል መብት ደግሞ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደረጃ የተሰጠ ነው።

በአሜሪካ ያለውም ለአስመጪዎች እንዲሁ ሦስት ደረጃ አለው። አስመጪው ስለ ደኅንነት ጥበቃው የጻፈው መግለጫ ተመርምሮ ሲያልፍ አንደኛውን፣ መግለጫው እውነት መሆኑ በስፍራው ሲረጋገጥ ሁለተኛውን፣ ከተፈላጊው በላይ ሠርቶ ሲገኝ ሦስተኛውን ያገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከፍታ ሳይሆን ዓይነት ለየ። አንደኛው ዓይነት የጉምሩክን ሥርዓት ለማቅለል የሚያገለግል ሲሆን ሁለተኛው ለደኅንነት ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ መያዝም ይፈቀዳል። ኅብረቱ ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከቻይና ጋር ያደረገው የጋራ ዕውቅና የሚመለከተው የደኅንነቱን ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ያለ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሳይሆን «ለሥራዬ የትኛው ይስማማል?» ብሎ ነው። ለእኛም ትምህርት የሚሆነን ይህ ጥያቄ ነው።

አስመጪ የሆነ ሰው ምርጫውን በቁጥር ይመዝን። እንበል አንድ ነጋዴ በአንድ ጭነት 2,000,000 ብር ቀረጥና ታክስ ይከፍላል፤ ገንዘቡንም በዓመት 15 በመቶ ወለድ ከባንክ ይበደራል። ክፍያው ለ15 ቀን ቢዘገይለት በአንድ ጭነት 12,300 ብር ያህል ወለድ ይተርፈዋል። በዓመት 24 ጭነት የሚያስመጣ ከሆነ 295,000 ብር ገደማ ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚያስመጣ ግን ትርፉ ከ25,000 ብር አያልፍም፤ በዚህም ገንዘብ ለከፍተኛው ደረጃ የሚያስፈልገውን ጥበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የመዝገብ ሥርዓት ሊያቆም አይችልም። እንደዚህ ላለው ነጋዴ የመጀመሪያው ደረጃ ይበቃዋል። ዕቃው ወደብ ላይ ሳይቆም፣ ዴሜሬጅም ሳይቆጥርበት ቢያልፍለት ዋና ጥቅሙን አገኘ ማለት ነው።

ላኪ የሆነ ሰው ደግሞ ሌላ መመዘኛ አለው። ላኪው በወጪ ዕቃው ላይ የሚጨነቅበት ዋና ነገር ቀረጥ ሳይሆን የደንበኛው እምነት ነው። የሲቲፓት አባል የሆነ አሜሪካዊ ቡና አስመጪ ዕቃ ከሚሸጡለት ሰዎች የደኅንነት ጥበቃ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ደንቡ ያስገድደዋል። የእኛ ቡና ላኪ የሲቲፓትን ወረቀት ባይዝም ጥያቄው በመጠይቅ መልክ ይደርሰዋል። ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት የፊት ግድግዳው፣ የግራውና የቀኙ ጎን፣ ወለሉ፣ ጣራው፣ መዝጊያዎቹና የታችኛው አካሉ፣ በጠቅላላው ሰባት ቦታ፣ ተፈትሾ መመዝገብ አለበት። ማኅተሙም አይኤስኦ 17712 በተባለው ደረጃ የተሠራ ጠንካራ ማኅተም መሆን ይገባዋል፤ ቁጥሩም በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። ይህን ዛሬውኑ የሚያደርግ ላኪ የደኅንነት ደረጃ ለመጠየቅ ከወዲሁ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ ላኪው ከሁሉ አስቀድሞ የደኅንነቱን ወገን ቢያጠናክር የተሻለ ነው።

ደረጃ ማሳደግ የሚገባው መቼ ነው? የንግድ ማሳለጫው ስምምነት ከነጋዴው ሊጠየቁ የሚችሉ አራት ነገሮችን ይጠቅሳል። እነዚህም ሕግ አክባሪነትን የሚያሳይ የኋላ ታሪክ፣ ውስጣዊ ቁጥጥር የሚያስችል የመዝገብ አያያዝ፣ ዕዳን የመክፈል ችሎታና የዕቃ ማጓጓዣው ሰንሰለት ደኅንነት ናቸው። ነጋዴው በነዚህ ራሱን ይመርምር። ከሦስት ዓመት በፊት ያስመጣውን ዕቃ ኢንቮይስ፣ የባንክ ሰነድና ዲክላራሲዮን ባንድ ሰዓት ውስጥ አውጥቶ ማሳየት ይችላልን? የታሪፍ ቁጥሩን የመረጠው ራሱ አውቆት ነው ወይስ ትራንዚተሩ ባለው ብቻ? ስሕተት ባገኘ ጊዜ ጉምሩክ ሳይደርስበት አስታውቆ ልዩነቱን ከፍሏልን? ለነዚህ ጥያቄዎች «አዎን» ለማለት የሚያመነታ ሰው ባለበት ደረጃ ቆይቶ ቤቱን ያስተካክል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በከንቱ አይደለም። ደረጃው ከፍ ባለ መጠን ፍተሻው ከወደብ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል እንጂ አይቀርም። ኮንቴይነሩ ሳይከፈት ያለፈለት ነጋዴ ነገ የሒሳብ መርማሪዎች መጥተው የዓመታት ሰነድ ይጠይቁታል። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ የምስክር ወረቀቱ ይታገዳል ወይም ይሰረዛል፤ የተሰረዘበት ሰው ከቶ ካልጠየቀው ሰው የባሰ ዓይን ይበዛበታል። በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሲባል ብቻ የተወሰደ ደረጃ ውሎ አድሮ የባለቤቱ ከሳሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ታናናሾቹ ነጋዴዎች እንመለስ። የንግድ ማሳለጫው ስምምነት የታመነ ነጋዴ መመዘኛዎች አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን በተቻለ መጠን የሚያገሉ እንዳይሆኑ በግልጽ ይደነግጋል። ህንድም በ2020 እ.ኤ.አ. ለነዚሁ ድርጅቶች የሚጠየቀውን በዓመት ከ25 የጉምሩክ ሰነድ ወደ 10፣ የሚታየውንም የኋላ ታሪክ ከሦስት ዓመት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጋለች። ይህ በሌላ አገር የተቻለ ከሆነ በእኛም ዘንድ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የዚህን ስምምነት መንፈስ ከወዲሁ መልመድ የሚጠቅመው ለራሳችን ነው።

ስለዚህ ለክቡር የጉምሩክ ኮሚሽን ሦስት ነገር እንዲታሰብ በአክብሮት እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለአነስተኛ አስመጪና ላኪ የሚሆን የመጀመሪያ እርከን በግልጽ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ደረጃ ጋር የሚገኘው ጥቅም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በየቅርንጫፉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ነጋዴው በአንዱ በር የታመነ፣ በሌላው በር እንግዳ ሊሆን አይገባምና። ሦስተኛ፣ ማመልከቻ ለቀረበበት ጉዳይ የመልስ ቀን ይቆረጥ፤ ያልተፈቀደለትም ሰው ጉድለቱን አርሞ ይመለስ ዘንድ ምክንያቱ ይገለጽለት።

ከነጋዴው በኩልም የሚጠበቅ አለ። ብቻቸውን የሰነድ ባለሙያ ለመቅጠር የማይችሉ አምስት ወይም ስድስት ባለሱቆችና አስመጪዎች በኅብረት አንድ ሰው ቀጥረው መዝገባቸውን ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና። የንግድ ምክር ቤቶችም የታሪፍ አመዳደብንና የመዝገብ አያያዝን የሚያስተምር አጭር ኮርስ ቢያዘጋጁ ለአባሎቻቸው ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማሉ።

የታመነ ነጋዴ መሆን በማመልከቻ ቀን አይጀመርም፤ የዛሬው ኢንቮይስ በትክክለኛ ዋጋው ሲመዘገብ ይጀመራል። የምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚከተል ነገር ነው፤ ወረቀቱ ቢዘገይ እንኳ መዝገቡን ያስተካከለ ነጋዴ ከዚያው ቀን ጀምሮ አትራፊ ነው።