ጉማሬና ቆሮሶ በአንድ ጀልባ

ከአዳማ ለሽርሽር ወደ ባቱ የሚወርድ ቤተሰብ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጉማሬም ልይ፣ ዓሣም ላጥምድ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁለቱ ይለያዩ ባይ ነኝ። ጉማሬ ቀን የሚውለው ጥልቀት በሌለው የደንገል ዳር ነው፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣም የሚራባው እዚያው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ስትያዝ ያን ሁሉ ትተፋለች። የመዝናኛ መንጠቆ ከአስጋሪ መረብ አንጻር ምን ጉዳት አላት የሚል ይኖራል። እርግጥ ኢምንት ናት፤ ሆኖም መንጠቆ የጣለ ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፣ ልጆች የጫነ ጀልባ ደግሞ ጉማሬ አጠገብ መቆም የለበትም። ባለጀልባው ገቢው እንዳይጎድልበት ጉማሬውን ከሩቅ አሳይቶ እስከ ቱሉ ጉዶ ደሴት ያድርሳቸው፤ ዓሣው ከአስጋሪዎቹ ተገዝቶ ዳር ላይ ይጠበስ።