ለሃያ ዶሮ ስንት ካሬ?

የዶሮ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ስንት እንደሆነ ነው። ወረዳው ስንት አከፋፈለ፣ ቀበሌው ስንት ተረከበ፣ እማወራዋ ስንት ደረሳት። ዶሮዋ የምታድርበት ቤት ስንት ካሬ ሜትር ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ቦታም እንደ መኖ፣ እንደ ክትባት፣ እንደ ጉልበት ግብዓት ነው፤ ግብዓት ከሆነ ደግሞ ዋጋ አለው። ይህንን ዋጋ ወላይታ ውስጥ፣ ጉኑኖ ላይ አድርገን እንመልከተው።

ጉኑኖን ለማታውቋት፣ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው ጉኑኖ ሐሙስ ይላታል። ዙሪያዋ ያለው ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ይመደባል። የብዙው ገበሬ ማሳ ሩብ ወይም ግማሽ ሄክታር ቢሆን ነው፤ በዚያ ላይ ቤት አለ፣ እንሰት አለ፣ ቡና አለ፣ ጎደሬ አለ፣ በቆሎ አለ፣ የታሰረች ላምም አለች። ስለዚህ ጉኑኖ ውስጥ «ትንሽ ቦታ» የሚባል ነገር የለም። በነገራችን ላይ በ1970ዎቹ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገሪቱ ካቋቋማቸው ጥቂት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ጉኑኖ ነበር። ከአንዲት ቁራጭ መሬት ዝናብ ስንት አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ሲለካበት የኖረ ቦታ ነው። የዶሮ ቤት መለካት ከዚያ አይከብድም።

ጥያቄው አሁን የሚነሳው በሌማት ትሩፋት ምክንያት ነው። መርሐ ግብሩ በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ወተት፣ ማር፣ እንቁላልና የዶሮ ሥጋ የየወረዳው የዕለት ሥራ ሆነዋል። ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች የገበሬ ቤት ስም ሆነዋል። አካሄዱ ይታወቃል። ወኪሎች የአንድ ቀን ጫጩት ይረከቡና 45 ቀን ገደማ አሳድገውና ክትባት ሰጥተው ለገበሬው ይሸጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ 45ኛው ቀን ላይ ነው። ያቺ ቄብ በዚያን ቀን ግማሽ ኪሎ ብትመዝን ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆኑ አይጨናነቁም፤ ቤቱ እንዲያውም ባዶ ይመስላል። አምስትና ስድስት ወር ሲሞላት፣ ልክ እንቁላል ልትጀምር ስትል፣ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ትሆናለች። ያኔ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት እስከ አምስት ዶሮ ነው የሚመከረው። ዶሮዎቹ ሲያድጉ ቤቱ አላደገም። በርክክቡ ዕለት የተነሳው ፎቶ ላይ ሁሉም ነገር የሚያምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አክስቴን ልጥቀስ። ከአንድ ወኪል ሃያ ቄብ ገዙ። ቤቱ በባህር ዛፍ አጣና ቆሞ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ተኩል፣ ማለትም 2.25 ካሬ ሜትር። ለ45 ቀን ቄብ በቂ ነበር። የወኪሉ ሰውም አይቶት «ጥሩ ነው» ብሎ ነው የሄደው፤ በሦስት ወር ተመልሶ ቢያየው ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ክረምቱ ሲገባ ጉዝጓዙ ረጠበ፣ ሽታው በረታ። ቀጥሎ ማስነጠስ መጣ፣ ከዚያም ላባ መነቃቀልና እርስ በርስ መነካከስ። እንቁላል ሳይጀምሩ ስድስቱ ሞቱ። አክስቴ ስድስቱን ሸጠው ስምንቱን አስቀሩ። የሚገርመው፣ ስምንቱ ከቀሩ በኋላ የእንቁላሉ ቁጥር እንደ ዶሮው ቁጥር አልወደቀም። ቤቱ ያው ነው፤ አሁን ግን ለአንድ ካሬ ሦስት ተኩል ገደማ ዶሮ ደረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። ፈረንጆቹ በዚያች ጠባብ ሳጥን አጭቀው እያረቡ ሲያተርፉ የእኛ ለምን ይሞታል? እውነት ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 መግቢያ ጀምሮ የድሮውን ባዶ ሳጥን ከልክሎ እንኳ፣ በተሻሻለው ሳጥን ለአንዲት ዶሮ የሚሰጠው ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ኤ4 ወረቀት ትንሽ ቢሰፋ ነው። እኛ የምንመክረው ደግሞ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ወረቀት አካባቢ። መልሱ ግን ከኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ትምህርት አያልፍም። አንዱ ግብዓት ሲጎድል በሌላ ይተካል። እዚያ የአየር ማስወጫ ማሽን አለ፣ የተመጠነ መኖ አለ፣ ክትባቱ በቀኑ ይሰጣል፣ ኩሱ ከወለሉ ይርቃል። ጉኑኖ ያለችው እናት እነዚህ ሁሉ የሏትም። የጎደላትን የምትተካበት ርካሹ ነገር ስፋትና ነፋስ ነው። ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ካሬ ያስፈልገዋል፤ እንግዳ ቢመስልም ሒሳቡ ይኸው ነው። (ስፋት ፈንግልን አያቆምም፤ ለእሱ ክትባት ነው መድኃኒቱ።)

እንግዲህ ሃያ ዶሮ በሥርዓት ቢያዝ ስንት ይወስዳል? ማደሪያው በአራት ዶሮ ለአንድ ካሬ ሒሳብ 5 ካሬ ሜትር ነው። ለመዋያ አጥር ቢያንስ አንድ ካሬ ለአንድ ዶሮ ብንል 20። ድምሩ 25 ካሬ ሜትር። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ ይህ ከማሳው አንድ በመቶ ነው። አንድ በመቶ ሲባል ቀላል ይመስላል። ግን የዶሮ ቤት ሩቅ ማሳ ላይ አይሠራም፤ ሸለምጥማጥ አለ፣ ሌባ አለ፣ ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ። የሚሠራው ከቤት አጠገብ ነው፤ ከቤት አጠገብ ያለው መሬት ደግሞ የእንሰቱ ነው። በዚያች 25 ካሬ ስድስት ያህል እግር የደረሰ እንሰት ይቆማል። እንሰት ለመድረስ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ዝናብ ሲጠፋና በቆሎ ሲከዳ ቤተሰቡን የሚያቆየው እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት እዚህ ጋ በቀጥታ ይሠራል። መፍትሔ የለም ማለቴ አይደለም። የመዋያውን አጥር ከደረሰ እንሰት ሥር ማድረግ ይቻላል፤ ጥላ ይሰጣል፣ ከጭልፊትም ይሸሽጋል። ችግኝ ሥር ከሆነ ግን ዶሮ ጭራ ጭራ ትጨርሰዋለች። ጉዝጓዙም ተጠርጎ ከበሰበሰ በኋላ ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል።

እስካሁን የቆጠርነው ዶሮዋ የምትቆምበትን መሬት ነው። የምትበላውስ? አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ሃያዎቹ በቀን 2.3 ኪሎ ገደማ፣ በዓመት ስምንት ኩንታል ተኩል የሚጠጋ። መኖ በቆሎ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ለግምት ያህል ግን ሁሉንም በቆሎ እናድርገውና በሄክታር 40 ኩንታል ይገኛል እንበል። 0.21 ሄክታር ሆነ። የሩብ ሄክታር ባለቤት ማሳውን ከሞላ ጎደል ለዶሮ ዘራ ማለት ነው! ቤቱ አንድ በመቶ፣ መኖው ሰማንያ በመቶ በላይ።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። የአገራችን የገጠር ቤት ከጥንት ጀምሮ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር ዶሮ የሚይዘው ሰው ባለማወቁ ወይም በስንፍና አይደለም። ጓሮውና የማዕድ ቤቱ ትራፊ የሚመግበው ያንን ያህል ስለሆነ ነው። የአገር ቤት ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ግን የምትጠይቀውም ጥቂት ነው። የተሻሻለችው 200 ልትደርስ ትችላለች፤ በሙሉ መኖና በሰፊ ቤት ከሆነ። ሃያ ስንሆን መሃል ላይ እንቀራለን፤ ለትራፊ በዝተዋል፣ መኖ በጅምላ አምጥቶ ለማትረፍ አንሰዋል። ሃምሳና መቶ የሚያረባ ወጣት ሶዶ ሄዶ መኖ ቢጭን የትራንስፖርቱን ወጪ ይችለዋል። ሃያ ያላቸው አክስቴ ግን በኪሎ ከሱቅ ነው የሚገዙት፤ በኪሎ የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ በውድ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ ጓሮዋ ጠባብ ለሆነች እናት ስድስት ወይም ስምንት ዶሮ በሁለት ካሬ ሜትር ይሻላታል እላለሁ። የግድግዳው የላይኛው ክፍል ወንፊት ሽቦ፣ ውስጡ ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቆጥ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን። ቤቱ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ማለዳ በሩን ከፍቶ ዝቅ ማለት ነው፣ እስከ ዶሮዋ ቁመት ድረስ። ዓይን ካቃጠለ ወይ ጉዝጓዙ ይቀየር፣ ወይ ዶሮ ይቀነስ።

ይህ ምክር ለቀበሌ ሪፖርት እንደማይመች አውቃለሁ። ስድስት ከሃያ ያንሳል፤ ዕቅድ ደግሞ በራስ ቁጥር ነው የሚሞላው። እማወራዋን የሚጎዳትም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም እንቁላል በብዙ ቤት የሴቷ ብር ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው ከእሱ ነው። ቄቦቹን በብድር ወስዳ ግማሹ ቢሞት ዕዳው አብሮ አይሞትም። ለአሥራ አራት ትርፍ ቄብ የሚወጣው ብር ለሽቦና ለሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ቢውል እመርጣለሁ።

የማከፋፈያ ቅጹም ሁለት ተጨማሪ ሳጥን ይበቃዋል። አንዱ በርክክብ ቀን የዶሮ ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ የሚሞላበት፣ ሌላው በስድስተኛው ወር በዚያው ቤት ስንት ዶሮ በሕይወት እንዳለ የሚሞላበት። የልማት ሠራተኛው ሜትር ከሌለው በእርምጃ ይለካ።