ዳሊያና የኪራይ ቤት ደጃፍ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አበባ ነው። አበባ ስል ግን ለሠርግና ለልደት ከሱቅ ተገዝቶ በማግሥቱ የሚጠወልገውን ማለቴ አይደለም። በገዛ እጅ ተተክሎና ተኮትኩቶ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በደጃፍ ላይ የሚፈካውን ዳሊያን ማለቴ ነው።

ይህን ነገር ለጓደኞቼ ባነሣሁ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይገጥመኛል። አንደኛው፣ «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ለማን ብዬ እደክማለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው በአፍ ባይነገርም በልብ የሚታሰብ ነው፤ ይኸውም «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት አካፋ ልይዝ ነውን?» የሚል ነው። ለሁለቱም መልስ አለኝ፤ አስቀድሞ ግን እንግዳችንን ላስተዋውቅዎ።

የዳሊያ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1789 ከሜክሲኮ ከተማ ወደ ማድሪድ ንጉሣዊ የዕፅዋት ሥፍራ ተላከ። በዚያ የነበሩት ቄስና የዕፅዋት ሊቅ አንቶኒዮ ካቫኒለስም በ1791 ለስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለአንደርስ ዳል መታሰቢያ እንዲሆን «ዳሊያ» ብለው ሰየሙት። ዳል የታላቁ የሊኔ ተማሪ ነበረ፤ ነገር ግን በ1789 ስለ ሞተ፣ ስሙ በዓለም አትክልት ቦታ ሁሉ እንደሚጠራ ሳያውቅ ቀረ። በመጀመሪያው ጊዜ በአውሮፓ ሥሩን ለምግብ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር፤ ጣዕሙ ሰውን ስላላስደሰተ ማዕዱ ቀርቶ አበባው ብቻ ተወደደ። ሜክሲኮም በ1963 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች።

ታዲያ ከዚያ ሩቅ አገር የመጣ ተክል እኛ ዘንድ እንዴት ይስማማዋል? ምክንያቱ በጂኦግራፊ ትምህርት የሚገኝ ነው። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ገደማ ነች። ዋናው ዝናብ በሁለቱም የሚወርደው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደረቁ ወራት ይከተላል። ስለዚህ ዳሊያ በደጋችን ሲተከል ባዕድ አይሆንም። ደግሞም ኢጣልያ በ1936 አገራችንን ግዛቴ ነች ብላ ስታውጅ አዋጁን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ለዚህ ወዳጅነት ነው። እንግዲህ እንግዳው ከወዳጅ ቤት የመጣ ነው።

ከዚህም አልፎ ዘመድ አለው። ዳሊያና የእኛ አደይ አበባ፣ ሱፍና ኑግም ጭምር፣ ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ። አንድ ዳሊያ ቆርጠው በጥንቃቄ ቢበታትኑት አንድ አበባ የመሰለዎት ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ሆኖ ያገኙታል፤ ቅጠል የመሰለው እያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ አበባ ነው። ተማሪዎች ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በጣታቸው ቢፈቱት አይረሱትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዳሊያ በዘርም በሥርም ይራባል። ዘሩ ግን እናቱን አይመስልም፤ እኛ ክሮሞሶሞቻችንን በ2 በ2 ስንይዝ የአትክልት ቦታው ዳሊያ በ8 በ8 ስለሚይዝ፣ ከቀይ እናት ቢጫ ወይም ነጭ ልጅ ቢወለድ አያስደንቅም። የወደዱትን አበባ ራሱን ማግኘት ከፈለጉ ግን ሥሩን ይትከሉ። ሥሩ እንደ ስኳር ድንች የወፈረና በዘለላ የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የድንች ዓይን በገላው ሁሉ ላይ ይገኛል፤ የዳሊያ ዓይን ግን ሥሩ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚገናኝበት በአንገቱ ላይ ብቻ ነው። አንገት የሌለው ወይም አንገቱ የተሰበረ ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም። ሲገዙም ሆነ ከጎረቤት ሲለምኑ ዓይን ያለውን ይምረጡ።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከባሕር ዛፍ ጥግ የራቀ ይሁን። የዳሊያ ዋና ጠላት ጥም ሳይሆን የተኛ ውሃ ነው። መሬትዎ ጥቁር መረሬ ከሆነ መደቡን 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው አሸዋና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅሉበት። ዩሪያ ከበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ አበባ አይሰጥም። ሥሩን በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት፣ ትልቁ ዝናብ ሳይገባ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ አጋድመው፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርገው ይቅበሩት። በተክልና በተክል መካከል 60 ሳንቲሜትር ያህል ይተዉ። የድጋፉን እንጨት ያን ዕለቱን ይትከሉ፤ በኋላ ቢተክሉት ሥሩን ይወጋል። ቡቃያው ብቅ እስኪል ድረስም ውሃ አያብዙበት፤ ቅጠል የሌለው ሥር ውሃውን የሚያደርግበት ስለሌለው ይበሰብሳል።

ተክሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ 3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ የመካከለኛውን ጫፍ በጥፍርዎ ይቀንጥቡት። ጀማሪ በዚህ ላይ ልቡ ይፈራል፤ ነገር ግን አንዱ ጫፍ ሲቆረጥ ከሥሩ ያሉት ብዙ ቅርንጫፎች ይነቃሉ። ካደገም በኋላ እንጨቱ ላይ በሲባጎ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ የሐምሌ ዝናብ ያልታሰረ ዳሊያን መሬት ላይ ያስተኛዋል። ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ስለሚወድ ማታ ማታ መብራት ይዘው ይልቀሙት። ክሽክሽ ቢታይበት በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ቅጠሉ ቢጫ ዝንጉርጉር ሆኖ የጫጨውን ግን ከነሥሩ ነቅለው ያስወግዱት፤ ይህ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላልና፣ ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ።

ከተተከለ 3 ወር ያህል ሲሆነው፣ አደይ በየሜዳው ስትታይ፣ ዳሊያም በደጃፍዎ ይፈካል። ለቤት የሚቆርጡት በጠዋት፣ በደንብ የተከፈተውን ይሁን፤ እምቡጡ በማሰሮ ውስጥ አይፈነዳምና። የጠወለገውንም በየጊዜው ይቁረጡ፤ ዘር መያዝ የተከለከለ ተክል ማበቡን ይቀጥላል። እምቡጥና ያለፈ አበባ ቢመሳሰሉብዎ ክቡ እምቡጥ፣ ሾጣጣው ያለፈው ነው።

ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ወይም ተክሉ በራሱ ሲደርቅ፣ ግንዱን 15 ሳንቲሜትር አስቀርተው ይቁረጡ። ከሳምንት በኋላ ሥሩን ከራቅ ብለው በጥንቃቄ ይቆፍሩና አፈሩን አራግፈው በጥላ ያድርቁት፤ ከዚያ በደረቅ አሸዋ ወይም በሰጋቱራ በካርቶን ውስጥ ያኑሩት። በየወሩ እያዩም የበሰበሰውን ያውጡ። በመትከያው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓይን እንዲደርሰው አድርገው በስለታም ቢላዋ ይከፋፍሉት። አንዱ ሥር ብዙ ይሆናል ማለት ነው። መሬት የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም አጫጭሩን ዓይነት ከሥሩ በተበሳ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ማሰሮ በበረንዳው ላይ ማሳደግ ይችላል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ላይ ይገኛል። ጽጌረዳ ተክሎ ከኪራይ ቤት የሚወጣ ሰው አበባውን ትቶ ይሄዳል። የዳሊያ ባለቤት ግን የዝውውር ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ፣ ተክሉ ከደረቀ፣ ሥሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ በሻንጣው ይዞት ይሄዳል፤ ከተከፋፈለውም አንዱን ለሚቀጥለው ተከራይ፣ አንዱን ለጎረቤት ቢተው ራሱን አይጎዳም። ለማን ብለው እንደ ደከሙም ያን ጊዜ ያውቁታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ በጭቃ የተነካ እጅ ትምህርትን ያዋርዳል የሚል ሐሳብ ገና ከመካከላችን አልጠፋምና። አንባቢ ሆይ፤ እስቲ የቀን ሥራዎን ያስቡት። አንድ ፋይል ከጠረጴዛዎ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሌላ፤ ፍጻሜውን ሳያዩት ወሩ ያልፋል። ተማሪውም ዛሬ ያጠናው ነገር የሚጠቅምበትን ቀን አያውቅም። እኛ የተማርን ሰዎች የምንደክመው ዓይናችን ለማያየው ነገር ነው፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን ድካማችን ከንቱ ይመስለናል። ዳሊያ ደመወዝ አይጨምርም፤ ዕድገትም አያሰጥም። ነገር ግን በግንቦት የቀበሩትን በመስከረም ያሳይዎታል፤ የተሳሳተውንም ሆነ የቀናውን ያለ አማላጅ ይነግርዎታል። የገዛ ሥራውን ፍሬ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የማይታየውንም ሥራ በትዕግሥት ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ዓይን ያለው አንድ ሥር ይፈልጉ። አካፋው ከሌለዎት ጎረቤትዎን ይዋሱ፤ ዋጋውንም በመስከረም በአበባ ይክፈሉ።