የከፈልንበትን ጥናት ለማንበብ እንደገና ክፈሉ?

በፈረንጆቹ 2014 ኢቦላ ላይቤሪያ ሲገባ የሀገሪቱ ሐኪሞች ጨርሶ አልጠበቁትም ነበር። በሽታው የመካከለኛው አፍሪካ ነው ተብሎ ነበር ሲታሰብ የኖረው። ወረርሽኙ ከ4 ሺህ 800 በላይ ላይቤሪያውያንን ቀጠፈ። በ2015 ደግሞ የሀገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ አንድ የሚያንገበግብ ነገር ጻፉ። ለካስ በ1982 የጀርመን ተመራማሪዎች የላይቤሪያውያንን ደም መርምረው የኢቦላን ዱካ አግኝተዋል፤ ሀገሪቱ ቫይረሱ ካለባቸው አካባቢዎች ልትቆጠር ይገባል ብለውም በአንድ የአውሮፓ ጆርናል አሳትመዋል። ማስጠንቀቂያው ከ30 ዓመት በላይ እዚያ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ካሉት ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ 45 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ለአንድ የላይቤሪያ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ መሆኑ ነው።

ዋጋው ብቻ ነው የገደላቸው አልልም። ጽሑፉ በነፃ ቢለቀቅም ፈልጎ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል። ግን ደሙ የተቀዳው ከእነሱ፣ በሽታው የሚመጣው በእነሱ፣ ለማንበብ ደግሞ ክፈሉ የሚባሉት እነሱ! ይሄ በየትኛውም ሚዛን ልክ አይደለም።

ንግዱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። መንግሥት ከግብር በሰበሰበው ገንዘብ ተመራማሪውን ይቀጥራል፣ ቤተ ሙከራውን ያሟላል። ተመራማሪው የጻፈውን ለጆርናሉ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጽሑፉን የሚገመግሙት የሙያ አጋሮቹም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሳንቲም አያገኙም። አሳታሚው አርትዖትና ኅትመቱን ይሠራና ጽሑፉን ቆልፎ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሸጠዋል። ኤልዘቪየርን የመሰለው ግዙፍ አሳታሚ ከሚያስገባው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ከ35 የሚበልጠው ትርፍ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ጥሬ ዕቃውን በነፃ እያገኘ እንዲህ የሚያተርፍ ሌላ ንግድ አላውቅም።

አሜሪካ ይህን ለማስተካከል ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል። በዓመት ወደ 48 ቢሊዮን ዶላር የሚመደብለት ብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ከ2008 ጀምሮ በእሱ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው ድረ ገጽ በነፃ እንዲቀመጥ አስገደደ። ግን አሳታሚዎቹ እስከ 12 ወር ድረስ እንዲያዘገዩት ተፈቅዶላቸው ነበር። በ2022 ዋይት ሐውስ ይህ የመቆያ ጊዜ እንዲቀር ለሁሉም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሰጠ፤ የጤና ተቋሙም ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጥናቱ በታተመበት ቀን ለሕዝብ ይከፈት አለ። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው የአክስታችሁ ልጅ ግብር እዚያ ውስጥ አለ። ፍሬውን ግን ጎንደር ያለ ሐኪምም በስልኩ ያነበዋል፤ አንዱ ሀገር የከፈተው በር ለሁሉም ነው የሚከፈተው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የሚገርማችሁ ነገር፣ ኢትዮጵያ በወረቀት ደረጃ ወደኋላ የቀረች ሀገር አይደለችም። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በሥሩ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የምርምር ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ጥናትና መረጃ በሙሉ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አዟል። የሚከማችበት ብሔራዊ ዲጂታል ማኅደርም ተሰይሞለታል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ሥራ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። በቅርቡ ስለ ከተማ ውሃ ብክነት የተሠራ የማስተርስ ጥናት ስፈልግ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማውጫ ላይ ርዕሱን አገኘሁት፤ ፋይሉ ግን አልከፈት አለ። ስደውል "እዚህ መጥተህ ማንበብ ትችላለህ" ተባልኩ። ለአንድ ፒዲኤፍ አውቶብስ ተሳፈር ማለታቸው ነው እንግዲህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለ ፕሮግራም እንደኛ ላሉ ሀገሮች ጆርናሎችን ያቀርባል። ግን በተቋም በኩል ነው፤ ተመርቆ የወጣ፣ ሥራ ፈላጊ፣ በግሉ የሚማር ወጣት የይለፍ ቃሉን ከየት ያመጣል? ብዙዎቻችሁ ወዴት እንደምትሄዱ አውቃለሁ። የካዛክስታኗ አሌክሳንድራ ኤልባክያን በ2011 ወደከፈተችው ሳይ-ሀብ፣ ካልሆነም ወደ ቴሌግራም። ሕግ መጣሱ አያጠያይቅም፤ ሰው በመስኮት የሚገባው ግን በሩ ሲዘጋ መሆኑም አያጠያይቅም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ስለ ክፍትነት የሚሰብኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አሳታሚዎቹ "እሺ፣ አንባቢው አይክፈል" ካሉ በኋላ ሒሳቡን ወደ ጸሐፊው አዞሩት። ኔቸር የተባለው ታዋቂ ጆርናል በ2021 ጽሑፉ ክፍት ይሁንልኝ ለሚል ተመራማሪ የቆረጠው ዋጋ 9 ሺህ 500 ዩሮ ነበር። የእኛ ሀገር መምህር የዓመት ደመወዙን ቢደምር ይደርስበታል? ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ አንዳንድ ጆርናሎች ለድሃ ሀገር ተመራማሪዎች ክፍያውን ያነሳሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እንዲህ ከሆነ ማንበብ እንችላለን፣ መጻፍ ግን አንችልም ማለት ነው። የሌሎችን ጥናት በነፃ እያነበብን የራሳችንን ወባ፣ የራሳችንን ጤፍ የሚያጠናልን ሌላ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ክርክሩ በውጭ አሳታሚዎች ላይ ብቻ እንዲያተኩር አልፈልግም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ጆርናል ዛሬ በነፃ ይነበባል፤ ፐብሜድ ሴንትራል ላይም አለ። እንዲህ ያሉ የሀገር ውስጥ ጆርናሎች በጀት ቢያገኙ የ9 ሺህ ዩሮው ጥያቄ ራሱ ይቀላል። የመመረቂያ ጥናቱ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ተማሪው ክሊራንስ ሲጨርስ ከቤተ መጻሕፍት ዕዳ የለበትም ተብሎ ይፈረምለታል አይደል? እዚያው ወረቀት ላይ "ፋይሉ ተጭኗል፣ ከውጭ ሆኖ ሲከፈትም ታይቷል" የሚል አንድ ፊርማ ይጨመር። የታካሚ ምስጢር ያለበት መረጃ ተለይቶ ይቆለፍ፤ ፖሊሲውም ይህን አይከለክልም። ስለ ውሃ ቧንቧ የተጻፈውን ግን ምን ያስቆልፈዋል?