ታናሽ አገርና የዓለም ሰላም ዘበኝነት

ኃይለኞች በሚፎካከሩበት ዓለም የምትኖር ታናሽ አገር ጸጥታዋን በምን ትጠብቃለች? በመሣሪያ ብዛት እንዳይባል ሀብቷ አይፈቅድላትም። ከኃይለኞቹ ካንዱ ጋር የጦር ቃል ኪዳን ብትገባ ደግሞ ከነጻነቷ ከፊሉን መያዣ መስጠቷ ነው። አየርላንድ የመረጠችው ሦስተኛውን መንገድ ነው።

አየርላንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆና፣ በ1958 ታዛቢ መኰንኖችን ወደ ሊባኖስ፣ በ1960 ጦሯን ወደ ኮንጎ ላከች። በኮንጎ ጓደኞቿ እኛው ነበርን፤ አየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማክዮን ይመሩት የነበረውን የድርጅቱን ጦር በ1962 የተረከቡት ኢትዮጵያዊው ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በ1960 ኒምባ በተባለው ስፍራ ከ11 የአየርላንድ ወታደሮች 9ኙ በደፈጣ ወደቁ። የደብሊን ሕዝብ ሬሳቸውን በእንባ ተቀበለ፤ መንግሥቱ ግን ጦሩን አልመለሰም። ስለምን ቢባል፣ ሕግ በዓለም ላይ ካልተከበረ መጀመሪያ የሚጠቃው ታናሹ መሆኑን ስላወቀ ነው። በሰላም ዘበኝነት ያገኘው ከበሬታም ድምፁን ከቁጥሩ በላይ አስሰምቶለታል፤ አየርላንድ እስከ 2022 ድረስ አራት ጊዜ በጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጣለች።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ ዐይን ብቻ ልናየው አይገባም። በ1960 የወጣው የአየርላንድ ሕግ ከ12 የሚበልጡ ወታደሮች ለዚህ ተግባር ወደ ውጭ አገር እንዲላኩ የድርጅቱን ውሳኔና የፓርላማውን ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ ከአምስቱ ኃያላን አንዱ ውሳኔውን ቢሽር፣ የታናሺቱ አገር እጅ አብሮ ታሰረ ማለት ነው። መንግሥቷ ይህን ለመለወጥ በ2025 የሕግ ረቂቅ አዘጋጀ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ፣ የአየርላንድ ወታደሮች ከ1978 ጀምረው በየጊዜው ያገለገሉበት የሊባኖስ ዘበኝነት በ2026 መጨረሻ እንዲያበቃ ወሰነ። በሌላ በኩል ሰማይዋን የሚጠብቅ አንድ ተዋጊ ጄት እንኳ የላትም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ድሩን የሚፈትሉት ታናናሾቹ ናቸው፤ መቀሱ ግን በታላላቆቹ እጅ ነው። ስለዚህ የሰላም ዘበኝነት ለታናሽ አገር ክብርም ጥቅምም ቢሆን፣ የሰው ደጅ የሚጠብቅ ሰው የራሱን በር ሳይቈልፍ መሄድ የለበትም።